አልሞት ያሉት ሁለት ዲናሞዎች

«ዛሬም አልሞቱም» አለ ኤግበርት ቬሰልካምፕ፣ ከምድር ቤት ወጥቶ የማድ ቤቱን በር በትከሻው እየገፋ።

ሚስቱ ሮስቪታ ቢላዋዋን ቅቤው ላይ እንደተከለች ቀና አለች። «አንዷም?»

«አንዷም። ቱስኔልዳ ትንሽ ታጉረመርማለች። ኤልፍሪደ ግን ጭራሽ ትንፍሽ አላለችም።»

እንቁላል ሊበደሩ መጥተው ደጃፉ ላይ የቆሙት የታችኛው ፎቅ ጎረቤት፣ ወይዘሮ ቶኒስ፣ አማተቡ። «እግዜር ቶሎ ይገላግላቸው እንጂ! እኔማ በሕልሜ ሁሉ ያጉረመርሙብኛል።»

ሞታቸው እንዲህ በጉጉት የሚጠበቀው ሁለቱ፣ ሰዎች አይደሉም። በብስክሌት የፊት ጎማ እምብርት፣ ሞዞው ውስጥ ተቀምጠው፣ ጎማው በዞረ ቁጥር ለመብራቱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ሁለት ዲናሞዎች ናቸው። ስማቸውን የወረሱት ከኤግበርት ሁለት አክስቶች ነው፤ አንዷ ዕድሜ ልኳን ስታጉረመርም፣ ሌላዋ ዕድሜ ልኳን ስታኮርፍ ኖረው፣ ሁለቱም ሐኪሞቻቸውን ቀብረው ነው የሞቱት። ኤግበርት ከነዚህ ከሁለቱ ዲናሞዎች አስተማማኙን ለሚስቱ ብስክሌት ሊመርጥ ከተነሳ ፋሲካ አልፎ፣ በጋው አልፎ፣ ቅጠሉም ረግፎ አልቋል። ምርጫው የዘገየው ሰውየው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም በጀርመን ምድር እንደሱ የሚተጋ ጡረተኛ ቢፈለግ አይገኝም። የዘገየው በአቋም ነው። እንደ ኤግበርት እምነት ብርቱው የሚታወቀው ደካማው ሲሞት ብቻ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የድልድይ መርማሪ ነበር፤ ዕድሜውን በሙሉ ድልድይ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ሲያፈጥ ኖሯል። አንድም ድልድይ አልወደቀም። ይህንንም የዓይኑ ኃይል ነው ብሎ ያምናል።

ስለዚህ ምድር ቤት ወርዶ ሁለቱን ጎማዎች ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሰቀላቸው፤ የሮስቪታን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፈቶ ሞተሩን አወጣ፤ ሞተሩንና ጎማዎቹን በአንድ ቺንጋ አስተሳሰረና ማስነሻውን ተጫነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ አክስቶች በቀን በቀን፣ ከቤታቸው ንቅንቅ ሳይሉ፣ ከሙንስተር እስከ ባልቲክ ባሕር የሚያደርስ መንገድ ይጓዛሉ። ማጋነን አይሁንብኝና እስከ ዛሬ የዞሩት ቢቀጣጠል ጨረቃ ደርሰው፣ እዚያ ጎማ አስነፍተው፣ በተመለሱ ነበር። ከፊታቸው የተሰቀሉት ሁለት አምፖሎች ምድር ቤቱን የሠርግ አዳራሽ አስመስለውታል። የሚሞት ግን ጠፋ። ሮስቪታ በበኩሏ ስድስት ወር ሙሉ የቆሸሸ ልብሷን በቅርጫት ጭና ወንድሟ ጊስበርት ቤት እየሄደች ታጥባለች። ጊስበርት የእህቱን ባል የውስጥ ሱሪዎች በገዛ ገመዱ ላይ ሲወዛወዙ እያየ፣ ስድስት ወር ሙሉ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተናገረም። ሦስቱም ለእሑድ ምሳ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ያ ያልተነገረው ነገር ከድንቹና ከቀይ ጎመኑ መሃል አራተኛ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል፤ የሚበላውም እሱ ብቻ ነው።

ዛሬ ግን ቀኑ ሌላ ነው። ዛሬ የቅዱስ ማርቲን ቀን ነው፤ ሕፃናቱ የወረቀት ፋኖሳቸውን ይዘው የሚሰለፉበት፣ ማርቲንን የሚጫወት አንድ ቀይ ካባ የለበሰ ወታደር ከፊታቸው ሄዶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ለተኛ ለማኝ ካባውን በሰይፍ ከፍሎ እኩሌታውን የሚያለብስበት ቀን። ወታደሩ ከጥንት ጀምሮ የሚመጣው በፈረስ ነበር። ዓምና ግን ፈረሱ የአንዲት ሕፃን ፋኖስ ከነሻማው በላና ኢንሹራንሱ «ከእንግዲህ እሳት ለሚበላ እንስሳ ዋስ አንሆንም» አለ። ሰበካው ሦስት ስብሰባ ተቀምጦ አንድ ውሳኔ ላይ ደረሰ፤ ማርቲን በብስክሌት ይምጣ። በሙንስተር ይህ ማንንም አላስደነቀም፤ እዚህ አገር ሕፃን ከማኅፀን የሚወጣው ደወሉን እየደወለ፣ መንገድ ልቀቁ እያለ ነው። ከከተማው ሁሉ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ በብስክሌት ፖስታ ስታድል ከኖረች፣ ውሻ ሁሉ ስሟን ከሚያውቃት ከሮስቪታ የተሻለ ማርቲን አልተገኘም። ሰልፉን ግን ፖሊስ ይመራዋል። በዚህ ወቅት ደግሞ የሙንስተር ፖሊስ መብራት የሌለው ብስክሌት ካየ ቅዱስም ቢሆን አይምርም።

«ኤግበርት» አለች ሮስቪታ፣ ወይዘሮ ቶኒስ እንቁላላቸውን ይዘው ከወረዱ በኋላ፤ ድምጿም ከፍ አላለ፣ ዝቅም አላለ። «ሰልፉ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። እስከዚያ ብስክሌቴ ላይ መብራት ከሌለ የጊስበርትን መብራት አስራለሁ።»

ኤግበርት የያዘው ዳቦ እጁ ላይ ቀረ። የጊስበርት መብራት ባትሪ ነው! ከሱፐርማርኬት፣ ከቋሊማው መደርደሪያ ጎን፣ በአሥራ ዘጠኝ ዩሮ የተገዛ፣ በላስቲክ የሚታሰር የባትሪ መብራት። ለኤግበርት ባትሪ ማለት ልመና ነው፤ ሰው በገዛ ጉልበቱ ያበራል እንጂ እየዞረ በየግድግዳው ሶኬት እጁን አይዘረጋም። ሚስቱ ያን ነገር አስራ፣ ከተማው ሁሉ እያየ በአደባባይ ከምትሄድ፣ ፈታሁት ብላ በጋዜጣ ብታስነግር ይሻለው ነበር። ደግሞም ሮስቪታ የማስፈራራት ልማድ የላትም። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ «እንዲህ አደርጋለሁ» ያለችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም አድርጋቸዋለች። አንደኛው እሱን ማግባት ነበር።

«እስከዚያ አንዷ ትሞታለች» አለ። «ቃሌ ነው።»

ከዚህ በኋላ በዚያ ምድር ቤት የተፈጸመው ነገር በጦር ሜዳም አልታየም። ኤግበርት መጀመሪያ የባሕር ጨው በውኃ በጥብጦ ሁለቱ ሞዞዎች ላይ አርከፈከፈ። ምንም። የወንዝ አሸዋ ወረወረባቸው፤ አሸዋው ተፈጭቶ ዱቄት ሆነና ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ኩሽኔታቸው ግን ቅንጣት አልተንገራገጨም። ሰናፍጭ ቀባቸው። ወይዘሮ ቶኒስ ስድስት ወር ሙሉ በጫጫታው ሲያማርሩ የኖሩ ሴት፣ ጠባቸውን ረስተው የኮመጠጠ ዱባ የተዘፈዘፈበትን ውኃ በማሰሮ ይዘው ወረዱ። «የሟቹ ባለቤቴን ጨጓራ የጣለ ነገር ነው፣ አቶ ቬሰልካምፕ፤ ይሄን ከቻሉት ብረት አይደሉም፣ ሰይጣን ናቸው» አሉ። አፈሰሱ። አምፖሎቹ እንዲያውም ቦግ አሉ። ኤልፍሪደ እንደ ዓሣ ዝም፤ ቱስኔልዳም እንደ ልማዷ እያጉረመረመች፤ ምድር ቤቱ በሰናፍጭና በኮምጣጤ ሽታ ታጥኖ፣ ሁለቱ ጎማዎች በገዛ ብርሃናቸው ደምቀው ይሽከረከራሉ። ኤግበርት መዶሻ አነሳ።

«ይቅርታ» አሉ ወይዘሮ ቶኒስ ሰዓታቸውን አይተው። «ሰባት ሰዓት ሆነ። የቀትር ጸጥታ ነው።»

ኤግበርት መዶሻውን ወዲያው አስቀመጠ፤ ሞተሩንም አጠፋ። የሕንፃው ደንብ ነው፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም ሰው ድምፅ አያሰማም፣ ምስማር አይመታም፣ አክስትም አይገድልም። ትዳሩ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሳለ እንኳ ደንቡን መጣስ በሐሳቡ አልመጣም። ወይዘሮዋ ሊያንቀላፉ ወጡ፤ እሱ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ የቆሙትን ጎማዎች ያይ ጀመር።

በዚህ መሃል ጊስበርት በእግር ጣቱ እየተራመደ ወረደ። በአንድ እጁ የታጠበና የታጠፈ ልብስ የሞላ ቅርጫት፣ በሌላው ያቺን የባትሪ መብራት ይዟል። ትከሻው ላይ ጆንያ ጥሏል፤ በየዓመቱ ለማኙን የሚጫወተው እሱ ነው። የለማኝነቱን ሥራ እንደ ሹመት ነበር የያዘው፤ ከመስከረም ጀምሮ ጢሙን አይላጭም።

«ሞተዋል?» አለ በሹክሹክታ።

«አርፈዋል» አለ ኤግበርት በሹክሹክታ። «ጸጥታ ነው።»

ጊስበርት ቅርጫቱን አስቀምጦ አጠገቡ ተቀመጠ። ከቅርጫቱ አናት ላይ የኤግበርት የውስጥ ሱሪ፣ በካውያ ተተኩሶ ስለት የወጣለት፣ ሁለቱንም ያያቸው ነበር። በመጨረሻ ጊስበርት የባትሪ መብራቷን አበራት፤ አጠፋት፤ ደግሞ አበራት። «ብትቆምም አትጠፋም» አለ ወደ ጣሪያው እያየ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሰው። «ያንተው ግን ጎማው ሲቆም ይጠፋል አሉ።»

ነገሩ እውነት ነበር፤ ኤግበርትንም ነካው። ሌሎች የዲናሞ መብራቶች ብስክሌቱ ሲቆምም ለጥቂት ደቂቃ እንዲያበሩ ብርሃን የምታጠራቅም አንዲት ትንሽ ዕቃ በውስጣቸው አለች። ኤግበርት ያቺን ዕቃ ከሮስቪታ መብራት ውስጥ በመቆንጠጫ ነቅሎ አውጥቷታል፤ ምክንያቱም በአሥር ዓመት ውስጥ ታረጃለች። የሚያረጅ ነገር በሱ መብራት ውስጥ አይገባም።

«ለቆመ ሰው ምን ያደርጋል መብራት?» አለ። «የቆመ ሰው ደርሷል።»

ጊስበርት ትከሻውን ሰብቆ ወጣ።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ኤግበርት ማስነሻውን ተጫነ። ሞተሩ አንድ ጊዜ አጓራ፤ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፤ ቺንጋው ተበጥሶ የመደርደሪያውን የእንጆሪ ማርማላታ በሙሉ ጠርጎ ጣለ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ከላይ የወይዘሮ ቶኒስ ድምፅ ተሰማ፤ «ማን ሞተ?»

«ማጠቢያ ማሽኑ» አለ ኤግበርት፤ ድምፁ የሙት ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ፍርድ ሲጠብቅ ተከሳሾቹ ተርፈው ዳኛው ሞተ። አሁን የትኛዋ ትበረታለች? የትኛዋ ትታመናለች? ምድር ላይ የሚያውቅ የለም። ማርማላታው መሃል ተንበርክኮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜው፣ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ ስለመምረጥ አሰበና በራሱ አፈረ።

ሮስቪታ ወረደች። ቀዩን ካባ ለብሳለች፤ መሃል ለመሃል የሚለያይ፣ በማጣበቂያ ጨርቅ የተጋጠመ፤ ራሷ ላይ በወርቅ ቀለም የተቀባ የካርቶን ቁር፣ ወገቧ ላይ የእንጨት ሰይፍ። ደረጃው ሥር ቆማ ሰናፍጩን፣ አሸዋውን፣ ማርማላታውንና የማሽኗን ሬሳ አየች። ከግድግዳው ላይ ቱስኔልዳን አውርዳ፣ ብስክሌቷ ተገልብጦ ወደቆመበት ወደ ጓሮ ይዛት ወጣች። ኤግበርት ከኋላዋ እየሮጠ፣ «ቆይ፣ የቱስኔልዳ ውኃ መከላከያ ድርብ ነው፣ የኤልፍሪደ ኩሽኔታ ግን…» ሲል እሷ ጎማውን ወደ ሹካው ሰደደችው። አልገባም። ገፋችው። ቸርኬው ከላይ እየተጋጨ አልገባም። አስቀመጠችው፤ ወርዳ ኤልፍሪደን አመጣች፤ ጎማው በአንድ እፍታ ሹካው መሃል ገብቶ ቁጭ አለ።

«ይቺ ናት» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ገባቻ!»

ኤግበርት ሁለቱን ጎማዎች ተራ በተራ ተመለከተ። ቱስኔልዳ የተሠራችበት ጎማ ከኤልፍሪደ ጎማ ሦስት ጣት ይበልጣል። የራይንን ድልድዮች በፀጉር ስንጥቅ የለካ ሰው፣ የገዛ ሚስቱን ብስክሌት አልለካም። ሁለቱ ጎማዎች ስድስት ወር ሙሉ ዓይኑ ሥር ጎን ለጎን ተሰቅለው፣ እሱ ሲያፈጥ የኖረው መሃላቸውን ብቻ ነበር። ሮስቪታ ልትስቅም ልትጮህም ትችል ነበር፤ አንዱንም አላደረገችም። ሰናፍጩን በመዳፏ ጠርጋ፣ ሽቦውን እንዲያስር እስኪነቃ ድረስ ትክ ብላ ታየው ነበር።

ሰልፉ ተነሳ። ካፊያ ነበር፤ ደወልም ነበር። የነሐስ መለከት ነፊዎቹ ከኋላ፣ ሕፃናቱ በፋኖስ፣ እናቶች ዘቢብ ዓይን ያለውን የዳቦ ሰውዬ በከረጢት ይዘው፣ ከፊት ፖሊሱ በእግሩ፣ ቀጥሎ ሮስቪታ በብስክሌት። በሰው እርምጃ ልክ ስትሄድ የኤልፍሪደ ብርሃን እንደ እንቅልፋም ዓይን ይርገበገባል፤ ግን ይበራል። ኤግበርት ከጎኗ እየተራመደ ደረቱ ካፖርቱን ሊበጥሰው ደረሰ። ያቺ ብርሃን ከጨረቃ የምትታይ መሰለው። አንድ ሁለት ሰዎችን «ሰናፍጭም አልገደላት» አላቸው፤ ሳይጠይቁት።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርሱ ጊስበርት በጆንያው ተጠቅልሎ አስፋልቱ ላይ ተጋድሟል፤ እንደሱ የሚያሳዝን ለማኝ ሮማም አላየች። ሙዚቃው ዝም አለ። ሮስቪታ ፍሬን ያዘች፤ እግሯን መሬት አስነካች።

መብራቱ ጠፋ።

ሁለት መቶ ሕፃን «ኡኡ» አለ። ፖሊሱ ዞር ብሎ የጨለመውን ብስክሌት አየ፤ እጁ ሳያውቀው ወደ ኪሱ፣ ወደ ቅጣት ደብተሩ ሄደ። ያኔ ለማኙ ከጆንያው ውስጥ እጁን አወጣ፤ መዳፉ ላይ የባትሪ መብራቷ እንደ ኮከብ ታበራለች። «ጌታዬ ማርቲን፣ እንካ ተቀበለኝ» አለ ጮክ ብሎ፤ ይህን ቀን ስድስት ወር ሙሉ፣ ሱሪ በሱሪ፣ የጠበቀ ሰው ድምፅ ነበር።

«እማዬ፣ ለማኙ ነው እንዴ የሚመጸውተው?» አለች አንዲት ሕፃን።

ሮስቪታ የጨለመውን መብራቷን አየች። ለማኙን አየች። ቀስ ብላ እጇን ዘረጋች።

ኤግበርት የዘረጋችውን እጅ ሲያይ ሐሳብ የሚባል ነገር ጥሎት ሄደ። ካፖርቱን አሽቀንጥሮ፣ ሰናፍጭና ማርማላታ በተለጠፈበት ሸሚዙ ብቻ፣ እርጥቡ አስፋልት ላይ በጉልበቱ ወደቀ፤ የብስክሌቱን አንገት በትከሻው ተሸክሞ አነሳና የፊት ጎማውን በባዶ እጁ ማዞር ጀመረ። መብራቱ ብልጭ አለ። ደገመው። ቦግ አለ። የጎማው ሽቦዎች፣ ራጂዎቹ፣ መዳፉን እየገረፉት፣ ከራሱ ላይ እንፋሎት እየተነሳ፣ እንዲያ አዞረው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ እስከ ጫፉ በራ፤ እርግቦቹ ነጋ ብለው ተነሱ። ኤልፍሪደ ትንፍሽ አላለችም።

«ሁለት ለማኝ አለ!» ብለው ጮኹ ሕፃናቱ።

ሮስቪታ ከብስክሌቱ ወርዳ የእንጨት ሰይፏን መዘዘች፤ ካባውን ትርር አድርጋ ከፈለችው። እኩሌታውን ይዛ በሁለቱ ለማኞች መሃል ጥቂት ቆመች፤ ወንድሟን አየች፣ ባሏን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቀዩን ጨርቅ በኤግበርት እርጥብ ጀርባ ላይ አለበሰችው።

«እኔስ?» አለ ጊስበርት ከመሬት፣ አፉን ከፍቶ።

«አንተ ባትሪ አለህ።»

መለከቱ ተነፋ፣ ዝማሬው ተጀመረ፣ ፖሊሱ እጁን ከኪሱ አወጣ። ሮስቪታ እንደጎነበሰች አፏን ወደ ባሏ ጆሮ አስጠጋች።

«ነገ ማጠቢያ ማሽን እንገዛለን።»

«እሺ» አለ ኤግበርት እያለከለከ።

«ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ ያየነውን።»

የኤግበርት እጅ ዘገየ። መብራቱ ፈዘዘ፤ ግንቡ ላይ የነበረው ብርሃን ወደ በሩ ወረደ፤ ከበሩ ወደ ደረጃው፤ ከደረጃው ወደ ጊስበርት ጫማ። ሕፃናቱ መዝሙራቸውን አቋርጠው ብርሃኑን አዩ።

«ኤግበርት» አለች ሮስቪታ።

«… መጀመሪያ ያየነውን» አለ፤ እናም ግንቡ እንደገና በራ።